ሊፕስቲክ፣ ሻማና የሾህ ሽቦ፦ ስለ ሠዓሊዋ ኦድሪ ፍላክ የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። በሥራ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ስለ ሥዕል ለመስማት ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራላችሁ ስለ አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ስለ ኦድሪ ፍላክ ነው። በ1931 ኒውዮርክ ተወለደች፤ በ2024 በ93 ዓመቷ አረፈች። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ይህች ሴት ከሊፕስቲክ፣ ከሽቶ ጠርሙስ፣ ከኬክና ከሻማ ግድግዳ የሚሞሉ ሥዕሎች ሠርታለች። በጊዜው ብዙ ሐያስያን ይህን እንደ ጉድለት ቆጠሩባት። የምትስለው የሴት ነገር ነው፣ ስሜት ይበዛዋል፣ ያብረቀርቃል ተባለ። እኔ ደግሞ የሥዕሎቿ ጉልበት ያለው እዚያው ላይ ነው እላለሁ። ሌሎቹ ስሜታቸውን ደብቀው ሲስሉ እሷ አልደበቀችም። ሐዘንም ደስታም ፍርሃትም ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል።

ልጅነቷን በአጭሩ ልለፈው። ወላጆቿ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁዶች ናቸው። ያደገችው በሰሜን ማንሃተን፣ ዋሽንግተን ሃይትስ በሚባለው ሰፈር ነው። ከከተማው የሙዚቃና የሥዕል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥታ ኩፐር ዩኒየን ገባች። ኩፐር ዩኒየን ያኔ ተማሪ የማይከፍልበት ኮሌጅ ነበር፣ መግቢያው ግን ከባድ ነው። ከዚያ ጆሴፍ አልበርስ የል ዩኒቨርሲቲ አስገባት። አልበርስ ናዚዎች ባውሃውስ የሚባለውን የጀርመን የጥበብ ትምህርት ቤት ሲዘጉት ከጀርመን ወደ አሜሪካ የመጣ መምህር ነው። በቀለም ጉዳይ ቀልድ አያውቅም። አንድ ቀለም አጠገቡ ባለው ሌላ ቀለም የተነሳ እንዴት መልኩን እንደሚለውጥ ሲያስተምር ነው ዕድሜውን የፈጀው። ፍላክ በ1952 ከየል ተመረቀች። የዩኒቨርሲቲው ዋናው ኮሌጅ ሴቶችን ለመጀመሪያ ዲግሪ የተቀበለው ገና በ1969 መሆኑን አስቡ። የሥዕል ትምህርት ቤቱ ግን ቀደም ብሎ ለሴቶች ክፍት ነበር።

ያኔ በኒውዮርክ ነገሩ ሁሉ አብስትራክት ነው፤ ነገሮችን እንዳሉ የማያሳይ ሥዕል ማለት ነው። ፖሎክ፣ ደ ኩኒንግ፣ ክላይን። ወጣቶቹ እነሱን ለማየት ሲዳር ታቨርን ወደሚባል መጠጥ ቤት ይሄዳሉ። ፍላክም ሄደች። ፖሎክን እንደ ጀግና ነበር የምታየው። ራሷ ደጋግማ እንደተናገረችው፣ ያገኘችው ግን ሰክሮ የሚተሻሽ፣ ያለ ፈቃዷ ሊስማት የሚሞክር ሰው ነው። ከዚያ ዓለም ያራቃት ይህ ብቻ ነው ብዬ አላቀልለውም። ሥዕሉም ራሱ አልበቃትም። ፊት መሳል፣ እጅ መሳል፣ እንደ ድሮዎቹ ሊቆች ጥንቅቅ አድርጎ መሳል ፈለገች። ስለዚህ አርት ስቱደንትስ ሊግ የሚባል የኒውዮርክ የሥዕል ትምህርት ቤት ገብታ ከሮበርት ቤቨርሊ ሄል ዘንድ የሰውነት አካል አሳሳል ተማረች። በዚያ ዘመን ይህን ማድረግ ወደ ኋላ መመለስ ተደርጎ ነበር የሚቆጠረው።

አሁን ስለ ቤቷ ላውራ። ብዙ ጊዜ ስለ እሷ ሲጻፍ ይህ በአንድ መስመር ይታለፋል፣ እኔ ግን መታለፍ የለበትም ባይ ነኝ።

የመጀመሪያ ትዳሯ ከአንድ ሙዚቀኛ ጋር ነበር። ሁለት ሴት ልጆች ወለደች። አንደኛዋ ከባድ ኦቲዝም አለባት፣ አትናገርም። ያኔ ስለ ኦቲዝም የነበረው አመለካከት ምን እንደነበር ልንገራችሁ። ጥፋቱ የእናት ነው ይባል ነበር። ልጇን ያላቀፈች፣ ፍቅር የነፈገች ቀዝቃዛ እናት ናት ልጇን እንዲህ ያደረገችው ተባለ። እንዲያውም «ማቀዝቀዣ እናቶች» የሚል ስም ወጣላቸው። ይህን ሐሳብ በሰፊው ያናፈሰው ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 መጽሐፍ ጻፈበት፣ ብዙ ሐኪምም ተቀበለው። በኋላ ሐሰት መሆኑ ታወቀ። እስኪታወቅ ድረስ ግን ስንት እናት በገዛ ልጇ ሕመም እንደ ወንጀለኛ ተቆጠረች! ፍላክ ከእነዚህ እናቶች አንዷ ናት። በኋላ ትዳሩ ፈረሰ። ልጆቹን እሷ አሳደገች፣ እያስተማረችም ገንዘብ አገኘች። የምትስለው ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ሌሊት ነበር። በ1970 እንደገና አገባች፤ ያ ትዳር ዘለቀ።

እንግዲህ ሥራዎቿን ስታዩ ይህን አትርሱ። ለዓመታት ብቻዋን፣ በእንቅልፍ ሰዓቷ የሠራች ሴት ናት።

በ1964 አንድ ደፋር ነገር አደረገች። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዳላስ ከተማ ላይ ከተገደለ ገና ዓመት አካባቢ ነው። ከጋዜጣ ፎቶ ተነስታ ዳላስ ላይ የነበረውን የመኪና ሰልፍ ሣለች። ኬኔዲ አለ፣ ሚስቱ ዣክሊን አለች፣ አበባ ይዛለች፣ ፀሐይ ነው፣ ሰው ሁሉ ፈገግ ብሏል። ምንም የተፈጸመ ነገር የለም። ተመልካቹ ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል። ይህን ዘዴ ልብ በሉልኝ። ግድያውን አላሳየችም፣ ከግድያው በፊት ያለውን ቅጽበት ነው ያሳየችው። ከፎቶ መገልበጥ ያኔ ለቁም ነገር ሠዓሊ ነውር ነበር። ፎቶ የሚገለብጥ እጅ መሳል አያውቅም ይባላል። እሷ ግን ቀጠለች። የሲቪል መብት ሰልፍ የወጡ መነኮሳትንም እንዲሁ ከፎቶ ሣለች።

ከ1969 እስከ 1970 የአንድ ቤተሰብ ሥዕል ስትሠራ ሌላ እርምጃ ሄደች። ፎቶውን በስላይድ ፕሮጀክተር ሸራው ላይ አበራችውና በብርሃኑ ላይ መሳል ጀመረች። ከዚያ በኋላ ዋናው የአሠራር መንገዷ ይኸው ሆነ። በዚሁ ጊዜ ሌሎችም እንደዚህ ይሠሩ ነበር። የጋለሪ ባለቤቱ ሉዊስ ማይዝል ለአካሄዱ ፎቶሪያሊዝም የሚል ስም አወጣለት። ሪቻርድ ኤስቲስ የሱቅ መስታወት ይስላል፣ ራልፍ ጎይንግስ ፒክአፕ መኪናና ምግብ ቤት፣ ሌሎቹ ሞተር ሳይክልና አሮጌ መኪና። ሥዕሎቹ ድንቅ ናቸው። ግን ቀዝቃዛ ናቸው፣ መቀዝቀዛቸውም ታስቦበት ነው። ሠዓሊው ምን እንደተሰማው እንዳታውቁ ይፈለጋል። በዚያ የመጀመሪያ ቡድን ውስጥ እንደ ብቸኛ ሴት የምትጠቀሰው ፍላክ ናት፤ የእሷ ሸራ ደግሞ የሚያለቅስ ሸራ ነው።

ሲያለቅስ ስል በቁሙ ነው። በ1971 የሴቪያዋን ማካሬና ሣለች። ማካሬና በስፔን በሕማማት ሳምንት በሰልፍ የምትወጣ የእመቤታችን ምስል ናት፤ ጉንጯ ላይ የመስታወት እንባ አለ። ብዙ ጊዜ የ17ኛው ክፍለ ዘመኗ ቀራጺ የሉይሳ ሮልዳን ሥራ ናት ይባላል። ፍላክ አይሁዳዊት ናት፤ ማርያምን ስትስል ጓደኞቿ ግራ ቢገባቸው አይገርምም። ሐያስያኑም እንባና ወርቅ የበዛበት ሥዕል ለርካሽ ፖስት ካርድ ነው አሉ። እኛ ግን በልጅዋ ሐዘን ልቧ የተወጋ እናትን ሥዕል እያየን ያደግን ሰዎች ነን፤ ለምን እንደሣለቻት ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገን አይመስለኝም። ከሥዕሎቹ አንዱ ዛሬ ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ ነው።

ወደ ስቲል ላይፍ ልምጣ። ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ መሳል፣ ማለቴ ነው። አበባ፣ ፍራፍሬ፣ ብርጭቆ። በአውሮፓ የሥዕል አካዳሚዎች ይህ ከሁሉ ዝቅ ያለው ዘርፍ ነበር። ከላይ ታሪክና ሃይማኖት፣ ከዚያ የሰው ፊት፣ ከዚያ መልክዓ ምድር፣ መጨረሻ ላይ ዕቃ። ሴቶች ደግሞ ራቁት ሰው እያዩ መሳል ስለተከለከሉ ትልቁን የታሪክ ሥዕል የሚማሩበት መንገድ አልነበራቸውም። የቀራቸው ዕቃው ነው። አሜሪካም ያው ነበር። ፊላደልፊያ ያለው የፔንሲልቬንያ አካዳሚ ለሴቶች የራቁት ሥዕል ትምህርት የከፈተው በ1868 ነው። ከዚያ በፊት የነበረችው ማርጋሬታ አንጀሊካ ፒል ከሠዓሊ ቤተሰብ ተወልዳ የፍራፍሬ ሥዕል ሠራች፤ በጣም ጥሩ አድርጋ። ከሲንሲናቲ የመጣችው ሂርስት ደግሞ ክሎዲን የነበረ ስሟን ክሎድ ብላ ለወጠች። ወንድ ይሁን ሴት በማይለይ ስም ነበር ሥራዋን የምታቀርበው። የምትስለውም ፒፓ፣ ትምባሆና አሮጌ መጽሐፍ ነበር፤ የወንድ ጠረጴዛ።

ፍላክ ተቃራኒውን አደረገች። የሴት ጠረጴዛ አመጣች፣ ስሟንም አልደበቀችም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሽቶ ጠርሙስ፣ የአንገት ሐብል፣ የጥፍር ቀለም፣ መስታወት መሳል ጀመረች። በ1974 የሠራችው «የሊዮናርዶ እመቤት» ሞማ ገባ፤ የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ማለት ነው። ከ1975 እስከ 1976 የሠራችው «ንግሥት» የሚለው ሥዕል ላይ የካርታ ንግሥት አለች፣ የቼዝ ንግሥት አለች፣ ለሁለት የተቆረጠ ብርቱካን አለ፣ ሰዓት አለ። ከመሃላቸው የሚከፈት የአንገት ጌጥ አለ፣ ውስጡ የእሷና የእናቷ ፎቶ ተለጥፏል። እዚህ ሥዕል ላይ ቀረብ ብላችሁ ብታዩ ደስ ይለኛል። ሁሉም ያንፀባርቃል፣ ግን ዓይናችሁ መጨረሻ የሚያርፈው እነዚያ ሁለት ትንንሽ ፊቶች ላይ ነው።

እንዴት ነው የምትሠራው? መጀመሪያ ዕቃውን ትሰበስባለች፤ የራሷም የተገዛም። ጠረጴዛ ላይ ታዘጋጃለች፣ መብራት ታስተካክላለች፣ በስላይድ ፊልም ታነሳለች። ከዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ምስሉን ሸራው ላይ አብርታ ትነድፋለች። ቀለሙን የምትቀባው በኤርብራሽ ነው፤ ቀለም በታመቀ አየር የሚረጭ፣ እንደ ብዕር የሚያዝ መሣሪያ። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ እያለች በስሱ ትደራርባለች። በላዩ ላይ በብሩሽ የዘይት ቀለም ትጨምራለች። ለዚህ ነው ሥዕሎቿ የቀቡት ሳይሆን ከውስጥ የሚበራ የሚመስሉት። የአልበርስ ትምህርት እዚህ ገብቷል እላለሁ። መምህሯ ካሬ ብቻ እየሣለ ያሳየውን የቀለም ጠባይ እሷ ኬክ ላይ አዋለችው።

አሁን ከ1976 እስከ 1978 የሠራቻቸውን ሦስቱን ትልልቅ ሥዕሎች እንይ። ዘርፉ ቫኒታስ ይባላል። መነሻው መጽሐፈ መክብብ ነው፤ «ሁሉ ከንቱ ነው» የሚለው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ ሠዓሊዎች የራስ ቅል፣ የአሸዋ ሰዓት፣ የሚደርቅ አበባ፣ የሚጠፋ ሻማ እያሰባሰቡ ይስሉ ነበር። ከእነሱ አንዷ ሴት ናት፣ ማሪያ ቫን ኦስተርዋይክ። በ1668 የሠራችው ቫኒታስ ቪየና ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ፍላክ ይህን ወግ ወስዳ አሜሪካ መዋቢያ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«ማሪሊን» ቁመቱም ወርዱም 2 ሜትር ከ44 ነው። የፊልም ተዋናይቷ ማሪሊን ሞንሮ በወጣትነቷ፣ ገና በቀድሞ ስሟ ኖርማ ጂን ስትባል የተነሳችው ፎቶ አለ። መስታወት አለ። የአሸዋ ሰዓት፣ ሻማ፣ ጽጌረዳ፣ ወይን፣ የተከፈተ ፓውደር፣ ተስቦ የወጣ ቀይ ሊፕስቲክ። ስለ ማሪሊን ልጅነት የሚያወራ የመጽሐፍ ገጽም አለ፤ ወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ውስጥ ስላደገችው ልጅ። እና ደግሞ የፍላክ የራሷ የልጅነት ፎቶ፣ ከወንድሟ ጋር። ቀይ ቀለም የያዘ ብሩሽም አየር ላይ ይታያል። ይህ ብሩሽ የማን ነው? የሠዓሊዋ ሊሆን ይችላል፣ የምትዋበው ሴትም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ቀለም ቀቢዎች ናቸው። ፍላክ በማሪሊን ላይ አትፈርድም። ሜካፑን ከንቱ ነው ብላ አትንቅም። ፊቷን ሰው እንዲወድላት የምትቀባ ልጅ ታያለች፣ ፎቶዋን ከእሷ ጎን ታስቀምጣለች። የሆላንዶቹ ቫኒታስ ይሰብካል፣ ይህኛው ግን ያዝናል። ሥዕሉ የሚገኘው አሪዞና፣ ቱሳን ከተማ፣ የዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ነው።

ከሦስቱ የሚከብደኝ ግን «ሁለተኛው የዓለም ጦርነት» የሚባለው ነው። ከኋላ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ። ፎቶ አንሺዋ ማርጋሬት ቡርክ ዋይት በሚያዝያ 1945 ቡኸንቫልድ የሚባለው የናዚዎች እስረኞች ካምፕ ነፃ ሲወጣ ያነሳችው ነው። ባለ ግርፍ ልብስ የለበሱ ወንዶች ከሾህ ሽቦ ኋላ ቆመው ወደ እናንተ ያያሉ። ሥጋቸው አልቋል። ከፊት ደግሞ በሙሉ ቀለም፣ የብር ሳህን ላይ የተደረደረ ትንንሽ ኬክ። ክሬሙ ይታያል፣ ስኳሩ ይታያል። ሉል አለ፣ ጽጌረዳ አለ፣ ቢራቢሮ አለ፣ የዳዊት ኮከብ አለ፣ የአንድ ራቢ ቃል የታተመበት ገጽ አለ። ቀይ ሻማ ቀልጦ ይወርዳል፤ ደም ይመስላል።

ብዙ ሰው ተቆጣ። እንዴት ኬክ ከካምፕ ጋር ይቀርባል? ቁጣው ይገባኛል። የመጀመሪያ ጊዜ ሳየው እኔም ዓይኔን ማዞር ነው የፈለግሁት። ግን ቆዩበት። የተራበ ሰው ምን ያያል? ምግብ ያያል። እነዚያ ሰዎች ቆመው የሚያዩት፣ ከሾህ ሽቦው ወዲህ ያለው፣ የእኛ ጠረጴዛ ነው። ጣፋጩ ዓለም እነሱ ሲራቡም ነበረ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ሰው ኬክ ይበላ ነበር። እና ደግሞ ሬሳ አልሣለችም። የመረጠችው ፎቶ በሕይወት የተረፉትን ነው። ልክ እንደ ኬኔዲው ሥዕል፣ ጭካኔውን ራሱን አታሳይም፣ ዳር ላይ ታቆመናለች፤ የቀረውን የምናውቀው እኛ ነን። አይሁዳዊት ሆና፣ ዘመዶቿ ከመጡበት አገር ያ ሁሉ ሕዝብ አልቆ፣ ይህን ጉዳይ በሴት ጠረጴዛ ዕቃ ለመናገር መድፈር ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ከፎቶሪያሊዝም ሁሉ አንድ ሥዕል ምረጥ ብትሉኝ ይህን ነው የምመርጠው።

ሦስተኛው «የዕድል መንኮራኩር» ይባላል። የራስ ቅል፣ የጥንቆላ ካርታ፣ የአሸዋ ሰዓት አለበት። ጥሩ ነው፤ ግን ምልክቱ ስለበዛ ከሁለቱ ያነሰ ይመስለኛል።

ከዚያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ መሳል አቆመች። ጭንቀት ውስጥ ገብታ ነበር፤ ራሷም በግልጽ ተናግራዋለች። የወጣችው ሸክላ አፈር በእጇ እየጨመቀች ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ቀራጺ ሆነች፣ የነሐስ ሴት አማልክት ሠራች። ሳውዝ ካሮላይና፣ ሮክ ሂል ከተማ መግቢያ ላይ ትልልቅ ሴቶች አቁማለች። በኒውዮርክ ለክዊንስ ክፍለ ከተማ የካተሪን ኦፍ ብራጋንዛ ግዙፍ ሐውልት ልትሠራ ተዋውላ ነበር፤ ፖርቱጋላዊቷ የእንግሊዝ ንግሥት ናት። የንግሥቲቱ ቤተሰብ ከባሪያ ንግድ ጋር ስለነበረው ትስስር በ1990ዎቹ መጨረሻ ተቃውሞ ተነሳና ሐውልቱ ሳይቆም ቀረ። አነስ ያለው ቅጂ ሊዝበን ቆሟል። ተቃዋሚዎቹ ያነሱት ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ለእሷ ግን የዓመታት ልፋት ነበር የፈሰሰው። በሐቀኝነት ልናገርና ሐውልቶቿን እንደ ሥዕሎቿ አልወዳቸውም። ሴቶቹ ቆንጆና ኃያል ናቸው፣ ግን የሚያሳዝን ነገር የላቸውም። የእሷ ጥንካሬ ደግሞ ሐዘኑ ጋ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጃንሰን የሚባል የሥነ ጥበብ ታሪክ መጽሐፍ አለ፤ አሜሪካ ውስጥ ትውልድ የተማረበት። በ1962 ሲወጣ ውስጡ አንዲት ሴት ሠዓሊ አልነበረችም። ሴቶች የገቡት በ1986 እትም ነው፣ ፍላክም ከእነሱ አንዷ ናት። 55 ዓመቷ ነበር። ሌሊት ሌሊት ስትስል በነበረበት ጊዜ፣ እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከፊቷ የሄደች ሴት ስም አልነበረም ማለት ነው።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ወደ ሸራው ተመለሰች። ባንጆ ትጫወት ነበር፤ ስለ ታላላቅ ሠዓሊዎች ዘፈን የሚጫወት የራሷ ባንድም ነበራት። የሕይወት ታሪኳን ጽፋ በ2024 አሳተመች፤ ስለ ልጇም፣ ስለ ሲዳር ታቨርንም ያወራችው እዚያ ላይ ነው። ያረፈችው በዚያው ዓመት በሰኔ ነው። በጥቅምቱ ሎንግ አይላንድ ያለው ፓሪሽ ሙዚየም የሥራዎቿን ኤግዚቢሽን ከፈተ።

ኒውዮርክ የምትሄዱ ካላችሁ ማካሬናዋን ሜትሮፖሊታን፣ የሊዮናርዶን እመቤት ሞማ ፈልጉ። ሙዚየም ሁሉን ሥዕል ሁልጊዜ አይሰቅልም፣ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ድረ ገጻቸውን እዩ። ስታገኟቸው መጀመሪያ ራቅ ብላችሁ፣ ከዚያ እስከሚፈቀደው ድረስ ተጠግታችሁ እዩአቸው። ስልክ ላይ ያለው ምስል መጠኑንም ብርሃኑንም አያሳይም። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሥዕል የማይስማማ ካለ ከእሱ ብንጀምር ደስ ይለኛል።